ሙዚቃዊ ቲያትርን ወደ ፊልም ማምጣት፦ ከመብት ወረቀት እስከ ኤዲቲንግ

መድረክ ላይ አንድ ሰው ንግግሩን አቋርጦ ሲዘፍን ማንም አይደነግጥም። መብራቱ ይቀየራል፣ ባንዱ ይጀምራል፣ ተመልካቹም ይቀበላል፤ ቲኬት ሲቆርጥ የተስማማው በዚሁ ነው። ያንኑ ሰው እውነተኛ መንገድ ላይ አቁማችሁ፣ ከኋላው ታክሲ እያለፈ፣ ካሜራ አፍንጫው ድረስ ተጠግቶ "ዝፈን" በሉት። ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው "ምን ነካው?" ይላል። ሙዚቃዊ ቲያትርን ወደ ፊልም የማምጣት ጣጣ ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ይወጣል። የስክሪፕቱም፣ የድምፁም፣ የካሜራውም፣ የተዋናይ ምርጫውም።

ይህን የምጽፈው የመድረክ ሥራ ይዘው ፊልም ለመሥራት ለሚያስቡ ነው። ትልቅ በጀት ይኑራችሁ ወይም አንድ ካሜራና የጓደኛ መኪና ብቻ፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር ከብሮድዌይ የመጡ ናቸው፤ እዚያ ከመድረክ ወደ ሲኒማ የተሻገረው ሥራ ብዙ ስለሆነ የተሳካውንም የከሸፈውንም ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

1. መጀመሪያ መብቱን ጨርሱ

ይሄ አሰልቺው ክፍል ነው። ብትዘሉት ግን በኋላ የሚመጣው የባሰ ያሰለቻል።

ሙዚቃዊ ቲያትር ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም። ታሪኩን የጻፈ አለ፣ ግጥሙን የጻፈ አለ፣ ዜማውን የደረሰ አለ፣ አንዳንዴ ውዝዋዜውን የፈጠረም አለ። ታሪኩ ከመጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ የመጽሐፉ ደራሲም ይጨመራል። «ካባሬ»ን ተመልከቱ። የክሪስቶፈር ኢሸርዉድ የበርሊን ታሪኮች በ1939 ታተሙ። ከእነሱ በ1951 ዘፈን የሌለው ተውኔት ተሠራ። በ1966 ሙዚቃዊ ቲያትር ሆነ። በ1972 ፊልም ሆነ። በእያንዳንዱ እርከን የሚጠየቅ ባለመብት አለ።

«ሌ ሚዜራብል»ም ጥሩ ትምህርት ነው። የቪክቶር ሁጎ ልብወለድ በ1862 የወጣ ስለሆነ ዛሬ ማንም ሰው ታሪኩን አንስቶ ፊልም ቢሠራ ከልካይ የለውም። ዜማዎቹ ግን የክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ናቸው፣ አንዷንም ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) አግኝታችሁ አንብቡ። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለ ብቻ ሳይሆን ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ "የድሮ ቲያትር ነው፣ ማን ይጠይቀናል" የሚለው አይሠራም፤ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ መብታቸውም ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ውስጡ ሦስት ነገር መኖሩን አረጋግጡ፦ ፊልም የመሥራት ፈቃድ፣ ዘፈን የመቁረጥና ቦታ የመቀየር እንዲሁም አዲስ የመጨመር ፈቃድ፣ ዘፈኖቹን ለብቻቸው በአልበምም ሆነ በዩቲዩብ የማውጣት ፈቃድ። ሁለተኛውን ፈቃድ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ታዩታላችሁ።

2. ሰዎቹ ለምን ይዘፍናሉ?

መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ቀልድ አይደለም። ዳይሬክተሩ፣ የካሜራ ባለሙያው፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ልብስ የምታዘጋጀው ልጅ፣ ሁሉም ያንን ዓረፍተ ነገር ማወቅ አለባቸው። እስከዛሬ የተሠሩት ፊልሞች ከሰጧቸው መልሶች ሦስቱ በደንብ ተፈትነዋል።

የመጀመሪያው መልስ "ቦታው የዘፈን ቦታ ስለሆነ" የሚል ነው። «ካባሬ»ን ፊልም ያደረገው ቦብ ፎሲ ይህን መረጠና ጨከነበት። መድረኩ ላይ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ የሚዘፍኗቸውን ዘፈኖች አወጣቸው፤ የአከራይዋ ሴትዮ የፍቅር ታሪክና ዘፈኖቿ ሳይቀሩ ሄዱ። የቀረው ዘፈን ማለት ይቻላል ሁሉም የምሽት ክለቡ መድረክ ላይ ነው። ከክለቡ ውጭ የሚዘፈን አንድ አለ፣ እሱም የቢራ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ደስ በሚል ድምፅ ይጀምራል፣ ካሜራው ዝቅ ሲል የናዚ ዩኒፎርሙ ይታያል፣ ከዚያ በየጠረጴዛው የተቀመጠው ሰው እየተነሳ አብሮት ይዘፍናል። እሱም ቢሆን ሰዎች በእውነት ተሰብስበው ሊዘፍኑት የሚችሉት ዓይነት ዘፈን ስለሆነ ደንቡ አልፈረሰም። ፊልሙ 8 ኦስካር ወሰደ። ፎሲም በዚያው ዓመት የ«ጎድፋዘር»ን ዳይሬክተር አሸንፎ ሽልማቱን ይዞ ሄደ።

ሁለተኛው መልስ "ዘፈኑ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው" ይላል። «ቺካጎ» በ1975 መድረክ ላይ ሲወጣ የድሮ የቫሪዬቴ ትርዒት መልክ ነበረው፤ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ሌላው ይመጣል፣ ተዋናዮቹ በቀጥታ ለተመልካቹ ይዘፍናሉ። ይህን ካሜራ ፊት ማምጣት ከባድ ነው። በ2002 ዳይሬክተሩ ሮብ ማርሻልና ስክሪፕቱን የጻፈው ቢል ኮንዶን ያገኙት መፍትሔ ሮክሲ የምትባለው ሴት ኮከብ የመሆን ሕልም ስላላት እስር ቤቱንም ፍርድ ቤቱንም በሐሳቧ ወደ ትርዒት እየቀየረችው ነው የሚል ነበር። እውነታው ደብዛዛ፣ ሕልሟ ብርሃንና ላባ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወሰደ፣ በጠቅላላው 6። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከመድረክ ወደ ሲኒማ ከመጡት ሁሉ ብልጡ መፍትሔ ይሄ ነው።

ሦስተኛው መልስ ይቅርታ አይጠይቅም፦ "በዚህ ዓለም ሰው ይዘፍናል፣ በቃ።" የ1961ዱ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የሚጀምረው በጣት ማንቋቋት ነው። ልጆቹ ይራመዳሉ፣ እርምጃው ትንሽ ይዘላል፣ ዝላዩ ዳንስ ይሆናል፣ እንደገና እርምጃ ይሆናል። ገና ማንም ቃል ሳይዘፍን ተመልካቹ ደንቡን ለምዷል። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ደንቡን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አስተምሩ። ሃያ ደቂቃ ተራ ድራማ አሳይታችሁ ድንገት ዘፈን ካመጣችሁ ሰው ይስቃል፣ ያውም በማትፈልጉት ቦታ።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው መልስ ሰፊ ሜዳ አለው። እኛ ዘንድ ሰው በእውነት የሚያዜምበት አጋጣሚ ሞልቷል፦ ሠርግ፣ ሙሾ፣ የደቦ ሥራ፣ ቀረርቶና ፉከራ፣ ሆያ ሆዬ፣ አበባየሆሽ። አዝማሪ ቤት ደግሞ ለስክሪፕት ጸሐፊ ስጦታ ነው። አዝማሪው ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ግጥም ይፈጥራል፣ እንግዳውም ስንኝ ይሰጠዋል፤ እናም ባልየው ለሚስቱ በአፉ የማይናገረውን ነገር በማሲንቆ ሊያስነግር ይችላል። እዚህ ጋ "ለምን ተዘፈነ?" ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ግን ሠርጉ ዘፈኑን ለማስገባት ሲባል ብቻ ከመጣ ታሪኩ ይቆምና መሀሉ ላይ የሙዚቃ ክሊፕ አየን ማለት ነው። ሠርጉ ላይ አንድ ነገር ይበላሽ፣ አንድ ሰው ይጥፋ፣ አንድ ምስጢር ይውጣ።

መልሶቹን መቀላቀል ይቻላል? ይቻላል፣ ካወቃችሁበት። ሳታውቁ ከተቀላቀሉ ግን ፊልሙ ሦስት ሰው በየተራ የሠራው ይመስላል።

3. የዘፈን ሰንጠረዥ ሥሩ

ትልቅ ወረቀት ወይም ኤክሴል ክፈቱ። እያንዳንዱን ዘፈን በመድረኩ ቅደም ተከተል ጻፉ። ከጎኑ ማን እንደሚዘፍነው፣ የት እንደሚዘፈን፣ ከዘፈኑ በፊትና በኋላ ምን እንደተቀየረ አስፍሩ። የመጨረሻዋ ዓምድ ናት ዋናዋ። ባዶ የሆነችበት ዘፈን፣ ማለትም ሰውዬው ገብቶ በገባበት ስሜት የሚወጣበት ዘፈን፣ ምንም ያህል ቢወደድ ለመቁረጥ እጩ ነው። ከዚያ ግድግዳ ላይ ከለጠፋችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያዩትና የማይገጥመውን በቀይ ቀለም አክብቡት።

አሁን ለእያንዳንዱ ወስኑ፦ ይቆይ፣ ይውጣ፣ ቦታ ይቀይር።

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» እዚህ ጋ ጥሩ አስተማሪ ነው። በ1959 ብሮድዌይ ላይ ወጣ፣ በ1965 ሮበርት ዋይዝ ፊልም አደረገው። ከመድረኩ ሦስት ዘፈን ወጣ፣ ሁለት አዲስ ገባ። የግጥም ደራሲው ኦስካር ሃመርስታይን በ1960 ስለሞተ አዲሶቹን ዜማውንም ግጥሙንም የጻፈው ሪቻርድ ሮጀርስ ብቻውን ነው። ሌላው የቦታ ለውጡ ነው። ከገዳም ወጥታ የልጆች ሞግዚት የምትሆነው ማሪያ ስለምትወዳቸው ነገሮች የምትዘፍነው ዘፈን መድረክ ላይ ገዳም ውስጥ፣ ከእመምኔቷ ጋር ነበር። ስክሪፕቱን የጻፈው ኧርነስት ሌማን ወደ መብረቁ ሌሊት አመጣው፤ ልጆቹ ፈርተው አልጋዋ ላይ ይወጣሉ፣ እሷ በዘፈን ታረጋጋቸዋለች። ያው ዜማ፣ ያው ግጥም። አሁን ግን ሥራ አለው፦ ዘፈኑ ሲጀመር የማያምኗት ልጆች ሲያልቅ የእሷ ሆነዋል።

ከዚህ የሚገርመው የ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ነገር ነው። በ1957ቱ መድረክ ላይ ልጆቹ "ረጋ በሉ" እየተባባሉ የሚዘፍኑት ከሁለቱ የሰፈር ቡድኖች ፀብ በፊት፣ በፖሊሱ ላይ የሚያሾፉበት የቀልድ ዘፈን ደግሞ ሁለት ሰው ከሞተ በኋላ ነበር። ቲያትር ቤት ውስጥ ከዚያ ሁሉ ውጥረት በኋላ ሳቅ እንደ እፎይታ ይሠራል። የ1961ዱ ፊልም ቦታቸውን አለዋወጠ። ሬሳ ካየን በኋላ ቀልድ አይኖርም፤ "ረጋ በሉ" የሚለው ደግሞ ጓደኛቸው የሞተባቸው፣ በንዴት ሊፈነዱ የደረሱ ልጆች ዘፈን ሆነ። ስፒልበርግ በ2021 እንደገና ሲሠራው ሁለቱንም ከፀቡ በፊት አደረጋቸውና "ረጋ በሉ"ን ለጥል የተገዛች ሽጉጥ ላይ የሚደረግ ትግል አደረገው። አንድ ዘፈን፣ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ትርጉም። ውላችሁ ላይ ቦታ የመቀየር ፈቃድ ይኑር ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ድጋሚ ዘፈኖች አንድ ነገር። መድረክ ላይ ዜማው በሁለተኛው ክፍል ተመልሶ ሲመጣ ተመልካቹ የመጀመሪያውን ያስታውሳል። ፊልም ላይ የተዋናይቱን ፊት ቀርባችሁ አሳዩና ዜማውን ያለ ቃል፣ በአንድ ክራር ወይም በአንድ ፒያኖ ብቻ፣ ከበስተኋላ አስገቡት። አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። አራት ደቂቃ አተረፋችሁ።

4. ስክሪፕቱ

መድረክ ዕረፍት አለው፣ ፊልም የለውም። የቲያትሩ የመጀመሪያ ክፍል በትልቅ ዘፈን ተዘግቶ ሰው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ፊልም ላይ ያ ትልቅ ዘፈን መሀል ላይ ይቀመጥና ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ የወረደ ይመስላል። የ«ዊክድ» ሠሪዎች ይህን የፈቱት ሥራውን ለሁለት ቆርጠው ነው። የ2024ቱ ፊልም የሚያልቀው መድረኩ ላይ የመጀመሪያው ክፍል በሚያልቅበት ዘፈን ላይ ሲሆን፣ ብቻውን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሄዳል፤ መድረክ ላይ ሙሉው ታሪክ ከነዕረፍቱ የሚወስደው ይህን ያህል ነው። እነሱ ገንዘቡም ተመልካቹም ነበራቸው። እናንተ ግን አንድ ፊልም ሥሩ፣ ትልቁንም ዘፈን ወደ መጨረሻው ግፉት።

ሁለተኛው ወጥመድ ጭብጨባ ነው። የመድረክ ዘፈን የሚያልቀው "ታ-ዳም" ብሎ፣ ተዋናዩ እጁን ዘርግቶ፣ ሰው እስኪያጨበጭብ ቆሞ ነው። ሲኒማ ውስጥ የሚያጨበጭብ የለም። ያቺ ባዶ ሰከንድ ታሳፍራለች። እያንዳንዱን የዘፈን መጨረሻ ስክሪፕቱ ላይ ጻፉት፦ የመጨረሻው ቃል ላይ በር ይንኳኳ፣ ወይም ድምፁ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ትዕይንት ይሻገር።

"ፊልም ስለሆነ ወደ ውጭ እናውጣው" የሚለው ሐሳብ ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ ይመጣል። ሲሠራ በጣም አሪፍ ነው። ማሪያ ልጆቹን ዶ-ሬ-ሚ የምታስተምርበት ዘፈን መድረክ ላይ ሳሎን ውስጥ፣ በመጀመሪያው ትውውቅ ላይ ነበር። ፊልሙ በመላው ሳልዝበርግ አዞረው። ልብሳቸው ይቀየራል፣ ቦታው ይቀየራል፣ ስለዚህ በአንድ ዘፈን ብዙ ቀን አለፈ ማለት ነው፤ ልጆቹም ዘፈን ከማያውቁበት ተነስተው ጥርት አድርገው እስከ መዝፈን ይደርሳሉ። መውጣቱ ጊዜን አሳለፈ። መልከዓ ምድሩ ለማማር ብቻ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ቆዩ፣ ለትራንስፖርትም ይረክሳል።

5. ተዋናይ

ድሮ መልከ መልካም ኮከብ ይመረጥና ድምፁን ሌላ ሰው ይዘፍን ነበር። ማርኒ ኒክሰን የምትባል ዘፋኝ በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ ለናታሊ ዉድ፣ በ1964 «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ለኦድሪ ሄፕበርን ዘፍናለች። ፊቷን ማየት ከፈለጋችሁ በ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ከመነኮሳቱ አንዷ እሷ ናት። ዛሬ ተመልካቹ ይህን አይወድም፤ ከታወቀ መሳለቂያ ትሆናላችሁ።

ስለዚህ የሚዘፍን ተዋናይ ፈልጉ፣ የሚተውን ዘፋኝ ሳይሆን። ፈተናውን ካሜራ ፊት አድርጉ፣ ሌንሱን አቅርቡ። መድረክ ላይ ድንቅ የሆነ ሰው ለመጨረሻው ረድፍ መድረስ ስለለመደ ቅርብ ቀረጻ ላይ ይጮህባችኋል፤ ቅንድቡ ሁሉ ይዘፍናል። ዘፈኑን በሹክሹክታ እንዲዘፍነው ጠይቁት። ስሜቱ ከተረፈ ያዙት። ዕድሜንም ካሜራ አይምርም። መድረክ ላይ የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ የሚያሳምን የ27 ዓመት ሰው በቅርብ ሲታይ አጎት ይመስላል።

6. ድምፅ፦ ቀድሞ መቅዳት ወይስ እዚያው መዝፈን?

እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አትቆጥቡ። ፊልሙ የሚድነውም የሚሞተውም እዚህ ነው።

የተለመደው መንገድ ፕሌይባክ ነው። ዘፈኑን ከቀረጻው ሳምንታት ቀድማችሁ ስቱዲዮ ትቀዳላችሁ፣ ቀረጻው ላይ በስፒከር ትለቃላችሁ፣ ተዋናዩ ከንፈሩን ያስገጥማል። ጥቅሙ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ዳንሱ ይገጥማል፣ በፈለጋችሁት አንግል ደጋግማችሁ ብትቀርጹ ፍጥነቱ አይለወጥም። ጉዳቱ ተዋናዩ ስሜቱን የወሰነው ትዕይንቱን ሳይጫወት፣ ስቱዲዮ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መሆኑ ነው። ቀረጻው ቀን ማልቀስ ቢፈልግ የተቀዳው ድምፅ አያለቅስም።

በሌላው ጫፍ ዳይሬክተሩ ቶም ሁፐር አለ። የ2012ቱን «ሌ ሚዜራብል» ተዋናዮቹ እዚያው ካሜራ ፊት ዘፈኑት። ጆሯቸው ውስጥ የማትታይ ማዳመጫ አለች፣ ከቀረጻው አጠገብ ፒያኒስት ተቀምጦ እነሱን እየተከተለ ይጫወታል፣ ኦርኬስትራው የተቀዳው በኋላ በድምፃቸው ላይ ነው። አን ሃታዌይ ተስፋዋ ስለመቃጠሉ የምትዘፍነውን ካሜራው ከፊቷ ሳይነቀል ነው የምናየው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ቃል ይዋጣል፣ ዝም ትላለች። ፕሌይባክ ይህን አይሰጣችሁም። ኦስካሩንም ወሰደች። በዚያው ፊልም ውስጥ ግን ስቱዲዮ ቢቀዱ ይሻል የነበሩ ድምፆችም አሉ፣ ይህንን እዚያው ስታዩት ትፈርዳላችሁ።

መካከለኛ መንገድም የቆየ ነው። «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ሬክስ ሃሪሰን ዘፈኑን ግማሹን እየተናገረ ስለሚዘፍን፣ አንዱን ጊዜ እንደሌላው አልዘፍንም ብሎ ክራቫቱ ውስጥ ገመድ አልባ ማይክ ተደብቆለት ቀጥታ ዘፍኗል። የእኔ ምክር ይሄው ነው፦ ብቻውን የሚዘፍን፣ ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚዘፍን ሰው ከሆነ ቀጥታ ቅዱ፤ ዳንስና ብዙ ሰው ካለበት ፕሌይባክ።

ፕሌይባክ ስትሠሩ እነዚህን አትርሱ፦

- ተዋናዩ ከንፈር ብቻ አያንቀሳቅስ። ከልቡ፣ በሙሉ ድምፁ ይዝፈን። የአንገት ሥርና ደረት ካልሠራ ያስታውቃል።
- ከዘፈኑ በፊት ሁለት ባር (ባር ማለት አንድ የምት ዙር ነው) የሚሆን ምት አስገቡ፣ ሁሉም እኩል እንዲገባ።
- ቀረጻው ላይ የሚዘፍነውን ድምፅ ሁሌም ቅዱት፣ ባትጠቀሙበትም። ትንፋሹና የእግሩ ኮቴ በኋላ ይፈለጋል።
- ስቱዲዮ ስትቀዱ ቦታውን ንገሩት። እየሮጠች የምትዘፍን ከሆነ ስቱዲዮው ውስጥ ትንሽ ትዝለል።

ቀጥታ ስትቀዱ ደግሞ ጠላታችሁ ቦታው ነው። ጄኔሬተሩን አርቁ ወይም ግድግዳ ጀርባ አድርጉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት በክረምት አትከራዩ። ጫማ ሥር ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ለጥፉ፣ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ የሰፈሩን ሰው ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት ጠይቁ። ሁለት ማይክ ይኑር፣ አንዱ ከላይ በቡም (በረጅም ዘንግ)፣ አንዱ ደረት ላይ። ፒያኖው በተዋናዩ ጆሮ ውስጥ ብቻ ይሰማ፤ ወደ ማይኩ ከገባ በኋላ ልታወጡት አትችሉም። እያንዳንዱ ሙከራ በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ሁለት ካሜራ በአንዴ ብታሠሩ ኤዲተራችሁ ይመርቃችኋል።

7. ካሜራና ዳንስ

የመድረክ ዳንስ የተሠራው ለአንድ አቅጣጫ ነው። ካሜራ ግን መሀላቸው ይገባል። ስለዚህ ኮሪዮግራፈሩን (ዳንሱን የፈጠረውን) ቁጭ አድርጋችሁ እንደገና አሠሩት፣ ልምምዱን በስልክ እየቀረጻችሁ። ያ የስልክ ቪዲዮ የቀረጻ ዕቅዳችሁ ነው። ዕቅዱን በግጥም መስመር ሳይሆን በባር ቁጥር ጻፉ፣ "ከ17 እስከ 24 እግር፣ ከ25 ሰፊ" እያላችሁ፤ ፕሌይባክ የሚለቀው ልጅ ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ያውቃል።

ሲጨፍሩ እግር ከምስሉ አትቁረጡ። ጭፈራው እስክስታ ከሆነ ደግሞ ትከሻና አንገት አትቁረጡ። ቀላል ይመስላል፣ ግን በየክሊፑ የሚጠፋው ይሄው ነው። ከእያንዳንዱ አንግል ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ቅረጹ፣ ከዚያ ቁርጥራጩን።

የልምምድ ጊዜ በጀት ውስጥ ይግባ። ጀሮም ሮቢንስ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን የፈጠረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ልምምዱና ድግግሞሹ ቀኑንም ገንዘቡንም ስላስረዘመ ፊልሙ ሳያልቅ ተሰናብቷል። የዳይሬክተርነቱን ኦስካር ፊልሙን አብሮት ከመራው ከሮበርት ዋይዝ ጋር ተካፍሏል፣ ያም ቢሆን። ተፈጥሮም የራሷን ታስከፍላለች፤ ማሪያን የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ ተራራው ላይ እየዞረች በምትዘፍንበት በዚያ ዝነኛ የ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» መክፈቻ የሄሊኮፕተሩ ንፋስ በየሙከራው ሣሩ ላይ ይጥላት እንደነበር ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ድሮን ብትጠቀሙ ቀሚስና ነጠላ ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ሞክሩ።

8. ኤዲቲንግ

ዘፈኖቹን መጀመሪያ ኤዲት አድርጉ፣ ሌላውን በእነሱ ዙሪያ። ሁሌ ምቱ ላይ አትቁረጡ፣ ያሰለቻል። ትንፋሽ ላይ ቁረጡ፤ ሰው ሊዘፍን አየር ሲስብ ዓይን ራሱ ወደ እሱ ይሄዳል።

ከንግግር ወደ ዘፈን የምትሻገሩባት ሰከንድ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ብታጠፉ አይበዛም። ንግግሩ ኩሽና ውስጥ የተቀዳ ነው፣ ዘፈኑ ስቱዲዮ። ድምፁ ድንገት ንጹሕ ሲሆን ተመልካቹ ይነቃል። የመጀመሪያውን ስንኝ ከቀረጻው ቦታ ድምፅ ውሰዱና ቀስ ብላችሁ ወደ ስቱዲዮው አሸጋግሩት። ሙዚቃውንም ቃል ከመጀመሩ በፊት ከንግግሩ ሥር በዝግታ አስገቡ። በዘፈኑ ውስጥ ኮቴ፣ የልብስ ድምፅ፣ የብርጭቆ ድምፅ ይኑር፤ እነሱ ሲጠፉ ነው ፊልሙ ክሊፕ የሚመስለው።

ለሙከራ ስታሳዩ መድረኩን ያላየ ሰው ጋብዙ። ያየው ሰው ክፍተቱን በትዝታው ይሞላላችኋል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ምስል ካለ ደግሞ የመውጫውን ቀን እሱ ይወስን። በ2019 «ካትስ» ሲኒማ ቤት የገባው ምስሉ ሳያልቅ ነበር። ፊልሙ እየታየ ሳለ የተስተካከለ ቅጂ ለሲኒማ ቤቶች ተላከ። ሰው ያስታወሰው ግን የመጀመሪያውን ነው።

9. አቅም ካነሰ

ፊልም ማድረጉ ከበዳችሁ፣ መድረኩን ራሱን በሥርዓት ቅረጹ። «ሃሚልተን» በ2020 በዲዝኒ ፕላስ የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው። የተቀረጸው ሰኔ 2016 በተመልካች ፊት በተደረጉ ትርዒቶች ሲሆን፣ ቅርብ ቀረጻዎቹ ቲያትር ቤቱ ባዶ ሳለ ተጨመሩ።

እናንተም በዚሁ ሂዱ። ሁለት ምሽት ከተመልካች ጋር በሦስት ካሜራ፣ አንዱ መሀል ሰፊውን ሳይነካ ይዞ፣ ሁለቱ ከጎን። ሦስተኛ ቀን ያለ ሰው፣ ካሜራው መድረኩ ላይ ወጥቶ ፊት ለፊት። ልብስና ፀጉር በሦስቱም ቀን አንድ ይሁን፣ ፎቶ አንሡ። የመድረኩን መብራት ለካሜራ ቀንሱት፣ ለዓይን የሚበቃው ብርሃን ካሜራ ላይ ፊትን ነጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ድምፁን ከአዳራሹ ስፒከር አትቅዱ፤ ከሚክሰሩ እያንዳንዱን ማይክ ለየብቻ አውጡ፣ የተመልካቹን ሳቅና ጭብጨባ የሚይዙ ሁለት ማይኮች ደግሞ ከፊት ረድፍ በላይ ስቀሉ።